መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ይጮሃል

ራሴን ማሞገስ አልወድም። ግን እውነት ይነገር ከተባለ፣ እዚህ ጀርመን አገር፣ ከማይን ወንዝ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ የመኪናን በሽታ በድምፁ ብቻ የሚያውቅ አንድ ሀበሻ ቢኖር እኔ ነኝ። ሐኪም እንኳ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ በሽተኛውን አስተንፍሶ፣ ያም አልበቃ ብሎት «ደም ስጥና ና» ብሎ ይልካል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሶፋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ እፈርጃለሁ። «ይሄ የፊት ግራ ኩሽኔታው አልቋል… ይሄኛው ፍሬኑ ብረት ለብረት ነው… ይሄ ደግሞ፣ ነፍስ ይማር።» ባለቤቴ አስቴር ምስክሬ ናት። ባለፈው ክረምት «ስሚ፣ ይሄ ከባድ መኪና ሞተሩ ሊፈነዳ ነው፣ ከመስኮቱ ራቂ!» ስላት «የኛው ልብስ ማጠቢያ ነው» አለችኝ። ይህን እንደ ስህተት አልቆጥረውም። እናቶቻችን የልብስ ስፌቱንም «መኪና» ነበር የሚሉት። ደግሞስ ማጠቢያው በዚያው ሳምንት ተበላሽቶ የለም?

እንዲህ ያለ ጆሮ ይዤ ነው እንግዲህ ያገለገለ ፒክአፕ የገዛሁት። ሻጩ ጡረታ የወጣ አትክልተኛ ነበር። ቁልፉን ሲያስረክበኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ! ጀርመን ለመኪናው ያለቅሳል፣ እሺ፤ ግን እንባው የስንብት ይሁን የንስሐ እኔ በምን አውቃለሁ? ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ ክፍሌ አብሮኝ ስለነበር ፒክአፑን እስከ ቤት ያመጣልኝ እሱ ነው። እኔ ጎኑ ተቀምጬ፣ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጌ እያዳመጥኩ መጣሁና «ንፁህ ነው» ብዬ ፈረድኩ።

በማግስቱ እንደ ሙሽራ አለበስኩት። አዲስ የወንበር ልብስ፣ ለመሪው አዲስ ጥቁር የቆዳ ልብስ፣ ለመስታወቱ ከሥሩ ዘርፍ ያለው ጨርቅ። ሁለት ሳምንት አቁሜ ከመስኮት አየሁት። ከዚያ ሰኞ ዕለት ልነዳው ተነሳሁና ጉዱ ፈላ።

መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር «ሲጥጥጥ» ይላል። ወደ ግራ ሳዞር ጭጭ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስቀይር ደግሞ «ቂጭጭጭ… ገጭ!» ይልና አንገቴን ወደ ፊት ወርውሮ መልሶ ወደ ኋላ ይቀበለዋል። እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እጅ እየነሳሁ ሄድኩ። አንዲት አሮጊት ጀርመን ከነውሻቸው ቆመው አጸፋውን መለሱልኝ። ይሄ ነው እንግዲህ «በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» የተባለው! እንዲህ ብሎ ማስታወቂያ የጻፈ ሰው ማታ እንዴት ይተኛል?

ለራሴ ብቻ ቢሆን ችዬ በዝምታ በነዳሁት ነበር። ነገሩ የጋሽ ተፈራ ነው።

ጋሽ ተፈራ የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ናቸው። በተማሪነት መጥተው፣ አገር ቤት ሲተራመስ እዚሁ ቀርተው፣ መሐንዲስ ሆነው ጡረታ የወጡ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ባንሆፍስፊርቴል በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሳንባቸው ደክሟል። ቤታቸው እስኪደርሱ ሦስት ቦታ ቆመው ያርፋሉ፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤት በርዋ ላይ ወንበር አውጥታላቸዋለች። ሁለት ዓመት ጠብቀው በስንት መከራ ኡንተርሊደርባህ በሚባል ሰፈር ደረጃ የሌለው ቤት ተገኘላቸው። ቁልፍ የሚረከቡት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው። የአዲሱ ቤት ሃውስማይስተር፣ ማለትም የሕንፃው ኃላፊ፣ ያንኑ ዕለት ከሰዓት ለሦስት ሳምንት እረፍት ይወጣል። በአሮጌው ቤታቸው ደግሞ ያንኑ ከሰዓት አዲስ ተከራይ ይገባል። የጀርመን ነገር እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰው በሰዓቱ ሲመጣ አንተ አስር ደቂቃ ከዘገየህ አልጋህን ይዘህ መንገድ ላይ ነህ።

ዕቃ የሚያጓጉዝላቸው ድርጅት ይዘው ነበር። ያሰረዝኳቸው እኔ ነኝ።

«እኔ ፒክአፕ እያለኝ ዕቃዎን ባዕድ ይነካዋል እንዴ ጋሼ?»

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?»

«ለእኔ ይተዉት!»

አመኑኝና ደውለው ሰረዙ። እኔን ማመን እንዴት ያለ አደገኛ ነገር እንደሆነ ባለቤቴን ቢጠይቁ ኖሮ ትነግራቸው ነበር።

ማክሰኞ ክፍሌን ጠራሁት። ክፍሌ ሃያ ዓመት ታክሲ ስለነዳ መኪና የፈጠረ ይመስለዋል። ቁልፉን ተቀብሎኝ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። መሪው እንደ ልማዱ ጮኸ።

«ቂርርር ይላል» አለ።

«ሲጥጥጥ ነው የሚለው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቂርርር ነው። ሲጥጥጥ አይጥ ነው።»

«አይጥ ጢጥ ነው እንጂ መቼ ሲጥ ይላል?»

በዚህ ጉዳይ ሃያ ደቂቃ ተከራከርን። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም የበሽታውን ስም አናውቅም፤ ስለዚህ በድምፁ አጠራር ላይ ተጣላን። በመጨረሻ «ማርሹስ?» ስለው ከአንደኛ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ሦስተኛ፣ መልሶ ወደ ታች፣ ዝም፣ ጸጥ።

«ማርሹማ ማር ነው!» አለና አገጩን ቀና አድርጎ ሳቀብኝ።

አያችሁ ክህደቱን? ልጅ እቤት ውስጥ ሲያተራምስ ውሎ እንግዳ ሲገባ እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ፒክአፑ ሰው ያውቃል። እኔ ስይዘው ቂጭጭ፣ ክፍሌ ሲይዘው የሰንበት ተማሪ። ጨዋታው በእኔና በእሱ መካከል መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ረቡዕ በከተማው ባቡር፣ ኤስ ባን ውስጥ ሆኜ ለክፍሌ ደወልኩ። ከሥራ ወደ ቤት እየተመለስኩ ነው። ሰው እንደሚሰማኝ አላሰብኩም፤ በአማርኛ ነበራ የማወራው።

«ስማ ክፍሌ፣ መሪው እኮ ብሶበታል። ወደ ቀኝ ሲዞር ይጮሃል፣ ወደ ግራ ሲሄድ ዝም… አዎ… እኔማ መለወጥ አለበት ባይ ነኝ። በጉልበት ካጠመዘዝከው ግን ተሰብሮ እጃችን ላይ ነው የሚቀረው።»

ስልኩን ስዘጋ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ኮት የለበሰ ሰውዬ ጎንበስ አለልኝ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ጣልቃ ልግባና፣ መሪ በጩኸቱ አይመዘንም።»

«ታዲያ በምን ይመዘናል?» አልኩት፤ መካኒክ መስሎኝ ደስ ብሎኛል።

«ከበስተጀርባው ያለውን ማየት ነው።»

«አይቻለሁ። ከታችም ገብቼ አይቻለሁ።»

«ከታች!» አለ በአድናቆት። «ይኸው፣ ከታች የገባ ሰው ነው የሚያስፈልገን። ምን አገኘህ?»

«ምንም። ዘይት ነው ሁሉ ነገር።»

«ዘይት!» ብሎ ጭኑን መታ። «ስል አልነበረም? ነገሩ ሁሉ ዘይት ነው! ዓለም የሚተራመሰው በሱ ነው!»

ከኋላው የተቀመጡ፣ የገበያ ከረጢት የያዙ ሴትዮ ከዚያ በላይ አልቻሉም። «ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች! እዚህ ባቡር ውስጥ ተቀምጣችሁ መሪ ትለውጣላችሁ። ለመሆኑ የማንን መሪ ነው የምትሉት?»

«የኔን ነዋ!» አልኩ።

«በዚህ እኮ ነው የማንስማማው!» አሉ ሴትዮዋ ለመላው ፉርጎ። «ሁሉም የኔ፣ የኔ!»

«መኪና ነው! የመኪና መሪ! ፒክአፕ!» ብል ማን ይስማኝ። ሰውዬው ምሳሌ የምናገር መስሎት «ገብቶኛል፣ መኪናዋ አገራችን ናት» ብሎ ዓይኑን ጠቀሰኝ። ሁለት ፌርማታ አልፌ ነው የወረድኩት። ስወርድ ሁለቱ ስለ ዘይቱ እንደ አዲስ ጀምረው ነበር።

ሐሙስ በልመና፣ በምልጃ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ አገኘሁ። የጋራዡ ኃላፊ ፍራው ሆልም የተባለች፣ ክንዷ የእኔን ጭን የሚያህል፣ ሳቅ የሚባል ነገር ያልደረሰባት ሴት ናት። ቅጽ አወጣች።

«ምን ዓይነት ድምፅ ነው?»

እዚህ ላይ ልቆጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ አገር ኖሬአለሁ። በጀርመንኛ ስለ ግብር ተከራክሬአለሁ፣ ስለ ቤት ኪራይ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፣ ለልጄ አስተማሪ ዋሽቻለሁ። ለ«ሲጥጥጥ» የሚሆን ቃል ግን ያስተማረኝ ማንም የለም! ለመጤ የሚሰጥ የውህደት ኮርስ ብለው ወራት ሙሉ ሲያስቀምጡኝ አንድ ቀን እንኳ ለድምፅ አይሰጡም? እሷ ደግሞ በእጇ እየቆጠረች ትደረድርልኛለች። አንዱ የሚፋጭ ነው፣ አንዱ የሚያቃስት፣ አንዱ የሚንኳኳ፣ አንዱ የሚያፏጭ፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ቃል አላቸው። እኔ ደግሞ አንዱንም አላውቀውም።

ስለዚህ ድምፁን አወጣሁት።

«ሲጥጥጥጥ!» አልኩ፤ ለማስረዳት ያህል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ እጆቼን ወደ ቀኝ አዞርኩ።

«እንደገና» አለች።

«ሲጥጥጥጥጥጥ!»

ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ጋዜጣቸውን አወረዱ። ከጥግ የተኛ ውሻ ተነስቶ ጆሮውን ቀሰረ።

«ማርሹስ?»

«ቂጭጭጭጭ፣ ገጭ!» አልኩና በአንገቴ አሳየሁ። ውሻው መጮህ ጀመረ። ባለቤቱ ይዞት ወጣ። ፍራው ሆልም ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ ቅጹን ሞልታ ፈርም አለችኝ። አነበብኩት። «ደንበኛው ወደ ቀኝ ሲዞር ይጮሃል» ይላል።

ፈረምኩ። ምን ላድርግ? ቅዳሜ እየመጣ ነው።

ያን ዕለት ፒክአፑን በማንሻ ሰቅላ ከሥሩ በባትሪ ዞረችው። የመሪውን ዘይት አየች፣ መገጣጠሚያዎቹን በብረት ነቀነቀች፣ ጎማዎቹን በሁለት እጇ አወዛወዘች። ሁሉም ደህና ነው። የሌለ በሽታ ይዘህ ሐኪም ቤት የሄድክ ያህል ማፈር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? አንድ ቁራጭ ብልሽት እንኳ አጥቼ ቀረሁ! «ነገ እየነዳን እናዳምጠዋለን» ብላ ቀጠረችኝ። አርብ ጠዋት ተመለስኩ።

«እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ጎንዎ ሆኜ ላዳምጥ» አለችኝ።

«ዛሬ እግሬን ወለም ብሎኛል» አልኩ።

ወደ እግሬ አየች። እግሬም ወደ እሷ አየ። መሪውን ያዘች።

ወጣን። ማርሹ እንደገና ያው የእንግዳ ጠባዩን አወጣ፤ እንኳን ቂጭ ሊል ሲቀየርም አይታወቅ። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ግን ሲጥጥጥ! «ይኸው! ይኸው! እሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ በብልሽት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መኪናውን ዳር ያዘች። ሞተሩን አጥፍታ መሪውን ቀስ ብላ ወዲያና ወዲህ አደረገች፤ ከዚያ ጣቶቿን ከመሪው ጀርባ አስገብታ ዳበሰች፤ አንድ ነገር ቆንጥራ ሳበች። መጣ። ሳበች። መጣ። ሳበች፣ ሳበች፤ አስማተኛ ከባርኔጣው ሥር ሻሽ እንደሚጎትተው ጉልበቷ ላይ ተከመረ።

ላስቲክ ነው። የመሪው ልብስ ሲገዛ የተጠቀለለበት ላስቲክ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ላስቲክ።»

«ለምን አላወለቁትም?»

ጎበዝ፣ ይሄ ጥያቄ ነው? አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ይወልቃል እንዴ? እቤቴ ያለው የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ላስቲኩ ላይ ነው፤ ቁጥሮቹ ፍክት ብለው ይታያሉ። የምግብ ጠረጴዛችን ወንበሮች ልጄ ስትወለድ የተገዙ ናቸው፤ ልጄ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው፣ ወንበሮቹ ግን ዛሬም አዲስ ናቸው፤ በበጋ ብቻ ነው ሱሪ ላይ የሚጣበቁት። የመሪውን ላስቲክ ደግሞ እንዳይታይ ብዬ፣ ጫፍ ጫፉን በጥንቃቄ አጣጥፌ፣ ከመሪው ጀርባ ወሽቄ፣ ሲያምር! እሱ ለካ ወደ ቀኝ ሲዞር የመሪውን አንገት ይፈትጋል። ይህን ሁሉ በጀርመንኛ ላስረዳት ሞከርኩ።

«እንዳይቆሽሽ ነው» አልኳት።

«ልብሱ መሪው እንዳይቆሽሽ ነው» አለች። «ላስቲኩ ልብሱ እንዳይቆሽሽ። ላስቲኩስ እንዳይቆሽሽ ምን ያለብሱታል?»

ቀልድ የሚመስል ነገር ስትናገር የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወደ ማርሹ ዞርኩ። «እሺ፣ ይሄ ይሁን። ካምቢዮውስ?»

«ካምቢዮው ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ! ታዲያ የታመመው ማነው?»

እጇን በጨርቅ እየጠረገች አየችኝ። እንዲህ ያለው አስተያየት በሕግ መከልከል አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት ከክፍሌ ጋር ሆነን የጋሽ ተፈራን ዕቃ ከአራተኛ ፎቅ አወረድን። ክፍሌ ፒክአፑን ከበሩ አጠገብ አቁሞልኝ አብሮኝ ጫነና ወደ ታክሲው ሄደ። አልጋ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሰው የሚገድል ክብደት ያላቸው አሥራ አንድ ካርቶን መጻሕፍት። ጋሽ ተፈራ ለመጨረሻ ጊዜ ደረጃውን ወርደው፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችውን ጎረቤት ተሰናብተው፣ የቤቱን ቁልፍ አስረክበው ጋቢና ገቡ። ጉልበታቸው ላይ በመስኮታቸው የኖረች ጤና አዳም ከነመትከያዋ ይዘዋል። እኩለ ቀን ሊሆን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቶናል።

መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ጭጭ አለ። «ሰሙ ጋሼ? አዳንኩት!» አልኩና ማርሽ አስገባሁ።

ቂጭጭጭ፣ ገጭ። ጠፋ።

አስነሳሁ። እንደ እንቁራሪት አንድ ጊዜ ዘሎ ጠፋ። ማቀዝቀዣው ከኋላ በመስኮቱ ሊጎበኘን መጣ። ሦስተኛውን ስሞክር መንገዱ መሐል ደርሼ ጠፋ። ከኋላዬ የቆሻሻ መኪና፣ ከሱ ኋላ አንድ ቫን፣ ከሱ ኋላ የማላየው ግን የምሰማው ሕዝብ። ጥሩምባው ቀለጠ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«አቤት ጋሼ።»

«ፍሪሲዮኑን ትረግጠዋለህ ወይስ ሰላም ብለኸው ብቻ ነው የምታልፈው?»

«መኪናው ነው እኮ ጋሼ፣ ካምቢዮው…»

«ትናንት መካኒኳ ጤነኛ ነው አላለችህም?»

«ያየችው ባዶውን ነው። ዕቃ ሲጫንበት ግን…»

አራተኛውን ጊዜ ጠፋ። ሃያ ስምንት ደቂቃ። ጋሽ ተፈራ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ጤና አዳሟን፣ ከዚያ ቀና ብለው የአራተኛውን ፎቅ መስኮት። «የዚያን ቤት ቁልፍ እኮ መልሻለሁ» አሉ ቀስ ብለው፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ አትክልተኛውን፣ ክፍሌን፣ ጋራዡን፣ የጀርመንኛ አስተማሪዎቼን ስረግም የከረምኩት ሰውዬ እጄን ከመሪው ላይ አነሳሁ።

«ውረድና በዚህ በኩል ግባ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሳንባዎ…»

«የሚነዳው በሳንባ አይደለም። ይልቅ ይቺን ያዝልኝ።»

ጤና አዳሟን ተቀበልኩ። እሳቸው በኮፈኑ በኩል እየተደገፉ፣ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ቆመው አርፈው ዞሩ። የቆሻሻ መኪናው ሾፌር ጥሩምባውን ትቶ አፉን ከፍቶ ያያል። ተቀመጡ፣ ወንበሩን ሳቡ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጡ። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ድምፅ የሚባል የለም።

«ተማሪ ሳለሁ አራት ዓመት በጭነት መኪና ቢራ አመላልሻለሁ» አሉ።

እኩለ ቀን ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። ሃውስማይስተሩ ለእረፍቱ ቁምጣ ለብሶ በር ላይ ቆሟል። መሪ የጨበጡትን ሰውዬ አየ፣ ጎናቸው አበባ ታቅፎ የተቀመጠውን እኔን አየ፤ ወደ እኔ መጣና በአዘኔታ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንኳን ወደ አዲሱ ቤትዎ በደህና መጡ፤ ደረጃ የለውም፣ አይስጉ» ብሎ ቁልፉን ዘረጋልኝ።

«ተከራዩ እሳቸው ናቸው» አልኩት።

«እርስዎስ?»

እንግዲህ ልናገረው። መንጃ ፈቃዴን ያገኘሁት በአራተኛው ፈተና ነው። ከዚያ ወዲህ በምሠራበት ኤርፖርት ውስጥ ለአሥራ ሰባት ዓመት የነዳሁት ሁሉ ማርሹን ራሱ የሚቀይር ነው። ፒክአፑን ልገዛ የሄድኩ ዕለት አትክልተኛው «ማርሹ በእጅ የሚቀየር ነው፣ ይችላሉ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ክፍሌ አጠገቤ ስለቆመ አፈርኩና «ይሄማ ምን አላት!» አልኩ። ማርሽ መቀየር አልችልም።